ወንድሙን የካደው ፈረንጅ

አንኮበር ከደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ከክፍላችን ልጆች ሄደው ያዩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛዋም ለለቅሶ ሄዳ ሙሉ ቀን ድንኳን ውስጥ ስለዋለች አየች አይባልም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ላላዩት ነው። ደግሞም ደስ ስለሚለኝ ነው። ዘንድሮ እስክሪብቶ ስይዝ ቃላቱ ራሳቸው እየተጋፉ ይመጡልኛል፤ የአማርኛ መምህራችንም በክፍሉ ፊት "ቤዛ፣ አንቺ እኮ ትጽፊያለሽ" ብለውኛል። ችግሩ ግን እዚሁ ላይ ነው። የጉዞው ምክንያት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ይዞኝ የከረመው ፍርሃትም ምክንያት፣ የእኔ መጻፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ ሠናይት ፋብሪካ ውስጥ ከሚሠራ ዳዊት ከሚባል ልጅ ጋር ከጥምቀት በኋላ ልትጋባ ነበር። ሽማግሌዎች መጡ፣ እንደ ወጉ ዘር ይቆጠር ተባለ። በእኛ ዘንድ ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ሲወጣ አንድ አያት ላይ ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፣ ነገሩ ይቀራል። አባቴ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ እኔ ደብተሬን ይዤ ከጓዳ ብቅ አልኩ። ለትምህርት ቤት ስለ ቤተሰቤ የዘር ሐረግ የጻፍኩት፣ ከሃያ ሃያ ያገኘሁበት ጽሑፍ ነበረ።

"እኔ ላንብበው?" አልኩ። ሁሉም ሳቁና "አንብቢ እንጂ" አሉ። ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ እንደ ዜና አንባቢ አነበብኩ። በቀለ፣ ደምሴ፣ ወልደ ሰማያት፣ ገብሬ፣ ኃይለ ማርያም፣ ጆን፣ ኩፐር።

አዎ፣ ጆን። አንኮበር የንጉሥ መቀመጫ በነበረች ጊዜ ከመጡት እንግሊዞች አንዱ እዚያ ልጅ ወልዶ ሄዷል፤ እኛ የእሱ ዘር ነን። በቤታችን እንደ ጌጥ ነው የሚወራው። የአባቴን አፍንጫ እያሳዩ ይስቁበታል።

ከአንኮበር የመጡት የዳዊት አያት አባባ ጥላሁን ግን አልሳቁም። ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና "የመጨረሻውን ድገሚው እስቲ ልጄ" አሉኝ።

"ኩፐር።"

"የእኛም ሰባተኛው ኩፐር ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ስድስተኛው ሮበርት፣ ሰባተኛው ኩፐር።"

ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ከሠናይት እጅ ወድቆ ተሰበረ። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

አባባ ጥላሁን ክፉ ሰው አይደሉም። ሲወጡ የአባቴን እጅ ይዘው፣ "ይጣራ። የፈረንጆቹን ነገር የሚያውቅ ካለ ከአንኮበር ቁልቁል አሊዩ አምባ ያለው የእነ ዘሃራ ቤት ነው። ጆንና ሮበርት የተለያየ አባት ልጆች ከሆኑ ደስታዬ ነው። ወንድማማች ከሆኑ ግን እያወቅሁ ዘመድ ከዘመድ አላጋባም። እስከ ገና መልሱን አምጡልኝ" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሠናይት አላናገረችኝም። አሥራ ሰባት ቀን ቆጥሬያለሁ። አትቆጣኝም፣ አትሰድበኝም፤ ዝም ብቻ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ግቢያችን ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ፣ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ጋሽ ተስፋዬ የሚባሉ ሰው አሉ። ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን በራቸውን አንኳኳሁ።

"ኩፐር እኮ የሰውየው አባት ስም አይደለም" አሉኝ። "እንግሊዞች እንደኛ የአባታቸውን ስም አያስከትሉም። ለቤተሰቡ በሙሉ አንድ ስም አለ፤ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል። ኩፐር ማለት የእንጨት በርሜል የሚሠራ ሰው ነው። በድሮ ጊዜ መጠጡም ዱቄቱም ጨው የገባበት ዓሣም የሚቀመጠው በእንጨት በርሜል ስለነበር በየመንደሩ በርሜል ሠሪ አይጠፋም። መጀመሪያ ሰውየውን በሥራው ጠሩት። ልጁ ገበሬ ሆነ፣ የልጅ ልጁ ወታደር ሆነ፤ ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ።"

"ስለዚህ ሁለቱ ዘመድ አይደሉም!"

"ቀስ በይ። ላይሆኑ ይችላሉ። ሊሆኑም ይችላሉ። አንድ አገር ለቀው አንድ ከተማ የመጡ፣ አንድ ስም ያላቸው ሰዎች ወንድማማቾች ቢሆኑ አይገርምም። እሱን መጽሐፍ አይነግርሽም።"

በዚያው ሰዓት ደስታዬም ፍርሃቴም እኩል ሆነ።

ሐሙስ

ውርጩ ሳይነሳ ወጣን። ታኅሣሥ ላይ የደብረ ብርሃን ሣር ጠዋት ነጭ ነው፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። አብራኝ የሄደችው የአባቴ ታላቅ እህት ናት፣ እቴቴ አስካለ። ሁለት ጋቢ ደርባ፣ ባዶ እጅ አይኬድም ብላ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። እኔ የምሄደው አባቴ ሥራ ስላለው ብቻ አይደለም። እቴቴ ናት "ያፈረሰችው ራሷ መጥታ ትጠግነው" ያለችው። ከግቢ ስንወጣ የሠናይት መስኮት መጋረጃ ተነቃነቀ። እጄን አነሳሁ። መጋረጃው ተመልሶ ቀጥ አለ።

መናኸሪያ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "መንገዱ ሰላም ነው?" ረዳቱ "ሰላም ነው፣ ግቡ ግቡ!" ይላል፣ ግን ሲናገር የሚያየው ጫማውን ነው። እቴቴ ይህን አየችና ማማተብ ጀመረች። ዳቦውን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ስታማትብ፣ ከኋላችን የገባ አንድ ሰፊ ሰውዬ ዱብ ብሎ ተቀመጠበት።

"ሰውዬ! ይነሱ! ዳቦው!"

"የምን ዳቦ?"

"የተቀመጡበት!"

ሰውየው ቀስ ብሎ ተነሳና ነጠላውን ገልጦ አየ። "እኔ ደግሞ ዛሬ ወንበራቸውን ስፖንጅ አደረጉት ብዬ ሳመሰግን ነበር" አለ። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። ሰውየው አፍሮ እስክንወርድ ድረስ ከኪሱ ቆሎ እየዘገነ በእጃችን ሲያስጨብጠን ነበር። ዳቦው ግን እንደ ቂጣ ሆነ።

ከከተማው ወጣ ስንል ለፍተሻ ውረዱ ተባልን። እኔ መታወቂያ ገና የለኝም፤ ያለኝ የተማሪ መታወቂያ ነው፣ ፎቶው ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ነው የምመስለው። ፈታሹ ካርዱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ካርዱን አየ።

"ወዴት ነው?"

"አንኮበር።"

"ለምን ጉዳይ?"

እቴቴ ከኋላ "ዘር ልናስቆጥር ነው" አለች።

"ምን?"

"ዘር። ልጅ ልንድር ነበር፣ ሰባተኛው ላይ ፈረንጅ ገባብን።"

ፈታሹ ካርዴን መለሰልኝ። "እኛም አገር ይቆጠራል" አለ። "እግዜር ያቅናችሁ፤ ግቡ።"

ከዚያ በኋላ ጉሙ መጣ። ደብረ ብርሃን ጉም አለ፤ የእኛ ግን ሜዳ ላይ የሚተኛ ጉም ነው፣ ቢሳሳቱ የሚገቡት እርሻ ነው። የአንኮበር ጉም ከገደል ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ነው። በቀኝ በኩል መንገዱ ያልቅና ነጭ ነገር ይጀምራል። አንዴ ጉሙ ሲከፈት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ዳር ላይ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ አየሁ፤ ከእነሱ ኋላ ምንም የለም። መሬት የለም። ልቤ ቁልቁል ወደቀ፤ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ዓይኔን አልገለጥኩም።

የአንኮበር ወረዳ ከተማ ጎረቤላ ገብተን ትንሽ ሆቴል አደርን። የደብረ ብርሃን ልጅ ሆኜ ብርድ ይበረታብኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ የዚህ አገር ብርድ ግን እርጥብ ነው፣ አጥንት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የሆቴሉ ባለቤት ስንንቀጠቀጥ አይታ በሁለት የውሃ ፕላስቲክ ሙቅ ውሃ ሞልታ አመጣችልን። "እግራችሁ ሥር አድርጉት" አለች። እኛም የተጨፈለቀውን ዳቦ አውጥተን ሽሮዋን በሱ በላን፤ ግማሹን ለሷ ሰጠናት። ስለ መንገዳችን ስትሰማ "የአባባ ጥላሁንን ቃል ልታስለውጡ?" ብላ አፏን በእጇ ያዘች። "እሳቸው አንዴ አይሆንም ካሉ አይሆንም ነው። የገዛ ልጃቸውን ጋብቻ በስድስተኛ ቤት አስቀርተዋል።" ይህን ባትነግረን ጥሩ ነበር።

ዓርብ

ወደ አሊዩ አምባ የወረድነው በአይሱዙ ነው፤ እኔና እቴቴ ከሹፌሩ ጎን ነበርን። መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ጥምዝ ላይ የመኪናው አፍንጫ ባዶ አየር ላይ ይወጣና ይመለሳል። የፍሬን ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እቴቴ የምታውቃቸውን ታቦቶች በሙሉ ጠርታ ስትጨርስ ከመጀመሪያው ጀመረች።

"እናቴ፣ አንዱን ብቻ ያዢ" አላት ሹፌሩ። "ሁሉንም ከጠራሽ እርስ በርስ ይተያያሉ።"

"አንተ መሪህን ያዝ!"

እኔን ደግሞ "ገደሉን አትዪው፣ እሱም አያይሽም" አለኝ። አላየሁትም። መዳፌ ላይ የጥፍሬ ምልክት ግን እስከ ማታ አልጠፋም።

ስንወርድ አገሩ ተለወጠ። መጀመሪያ ጋቢ አወለቅን፣ ቀጥሎ ደራርበን የመጣነውን ሁሉ። ጠዋት የውርጭ ብርድ ቆርጦን እኩለ ቀን ላይ ማንጎ ሥር ላብ እንጠርጋለን፤ ይህን ያላየ ሰው አያምነኝም። ሰው የሚለብሰው ስስ ነው፤ ቤቱ ሁሉ በሩ ክፍት ነው፤ ማሽላው ከእኔ ይረዝማል። ደብረ ብርሃን ሰው ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ ይደገፋል፤ እዚህ ከፀሐይ ሸሽቶ ይደገፋል።

የደረስነው በጁምዓ ሰላት ሰዓት ስለነበር ወንዶቹ መስጊድ ናቸው። መንገድ ዳር ጠበቅን። በኋላ ሰይድ የሚባል፣ ጢሙ የሸበተ ሰው መጣና "የእናቴን ቤት የምትፈልጉት እናንተ ናችሁ? ገበያው ሙሉ አውርቶ ጨርሶታል" ብሎ እየሳቀ ወሰደን።

እማማ ዘሃራ ጥላ ሥር ጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። በጣም ትንሽ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ትልቅ ነው።

"መርሀባ! ግቡ ግቡ! አልሐምዱሊላህ፣ እንግዳ አገኘን። ሰይድ፣ ውሃ! ልጄ፣ ለምን ፈዘዝሽ፣ ሙቀት ነው ወይስ እኔ አስፈራሁሽ?"

"ሁለቱም" አልኩ ሳላስበው። እቴቴ በክርኗ ጎነጠችኝ፤ እሳቸው ግን እስኪያስላቸው ሳቁ።

ምሳ ቀረበ። ጾም መሆኑን ሳንነግራቸው አውቀው ምስር ወጡን በዘይት አሠርተዋል። "ድስቱ አዲስ ነው፣ ዛሬ ነው የተገዛ። ቅቤ አልነካውም፤ በእኔ ቤት ጾማችሁ አይፈርስም" አሉ። እቤት እናቴ ለእንግዳ እንዲህ የምትጨነቅ ይመስለኝ ነበር። እሷም አዲስ ድስት እስከ መግዛት አትደርስም።

ከዚያ ጠየቅን። ስልኬን አውጥቼ ድምፅ ልቅዳ ብዬ ነበር፤ ግን ተውኩትና ደብተሬን ያዝኩ።

"አያቶቻችን በር ጠባቂዎች ነበሩ" አሉ እማማ ዘሃራ። "ፈረንጅ ከባሕር በግመል ሲመጣ፣ ንጉሡ ሳይፈቅድ ሽቅብ አይወጣም። እዚህ እኛ ቤት ያርፋል። የአያቴ አያት 'ማነህ? የማን ልጅ ነህ?' ብሎ ይጠይቀውና ስሙን ወደ አንኮበር ይልካል። ስለዚህ የመጣውን ሁሉ በስሙ እናውቀዋለን። ለእኔ አባቴ አስጠንቶኛል፤ እኔም ለሰይድ አስጠንቻለሁ።"

"ኩፐር የሚባልስ?" አለች እቴቴ።

"ሁለት ናቸው። ፊተኛው ጆን፣ ጠመንጃ የሚጠግን። መጣ፣ ላይ ወጣ፣ ልጅ ወለደ፣ ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ ሌላው መጣ፣ ሮበርት። የፈረስ ሐኪም። ይሄኛውን እንኳ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ወንድሙን የካደው ፈረንጅ ነው የምንለው።"

የእቴቴ እጅ ከጉርሻው ጋር አየር ላይ ቆመ።

"ወንድሙን?"

"ወንድሙን እንጂ! ስሚኝ። አያታችን 'ማነህ?' አለው። 'ሮበርት።' 'የማን?' 'ኩፐር።' አያታችን ደስ ብሎት 'እሰይ! ወንድምህ ጆን እኮ እዚህ አልጋ ላይ ተኝቶ ሄዷል' አለው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። 'አላውቀውም።' አስተርጓሚው ሦስቴ ጠየቀው፣ ሦስቴ 'አላውቀውም'! የአባቱን ልጅ! ምን ዓይነት ልብ ነው? አያታችን ተቆጥቶ የዚያን ዕለት ወተት ከለከለው። እስከ ዛሬ በቤታችን ልጅ ሲዋሽ 'አንተ ኩፐር' ነው የምንለው።"

ሰይድ ሳቀ። እኛ አልሳቅንም። በቃ። ወንድማማቾች ናቸው። ሠናይት ዳዊትን አታገባም፤ ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ ድምፄ፣ ጮክ ብዬ።

እማማ ዘሃራ ለምን እንደገረጣን ጠይቀው ሲነገራቸው ደነገጡ። "እኛ ዘንድ እኮ እንኳን ሰባተኛ ቤት የአጎት ልጅም ይፈቀዳል። ካልሆነላችሁ ልጅቷን ለእኛ ስጡን" ብለው ሊያስቁን ሞከሩ። እቴቴ ፈገግ ለማለት ሞክራ አቃታት።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከእቴቴ ጋር ለብቻችን ሆንን። ያሰብኩትን ለመናገር ፈርቼ ነበር፤ ግን ተናገርኩት።

"ለአባባ ጥላሁን ባንነግራቸውስ? እማማ ዘሃራ አያውቁም ብንል?"

እቴቴ አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይቀለኝ ነበር። "አንቺ ልጅ" አለች፣ "እኔና አንቺ እያወቅን እናጋባቸው? ከዚያ እያንዳንዱ ልጃቸው ሲያስል እኔና አንቺ እየተያየን ልንፈራ? ነገ ሄደን እንነግራቸዋለን። አንቺ ትናገሪያለሽ።"

"እኔ?"

"አንቺ። ያነበብሽው አንቺ ነሽ።"

እማማ ዘሃራ የራሳቸውን አልጋ ለቀውልን መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ተኙ። ብንለምናቸውም አልሰሙንም።

ቅዳሜ

ስነቃ ገና እየነጋ ነበር። እማማ ዘሃራ የሱብሒ ሰላታቸውን ጨርሰው በር ላይ ተቀምጠዋል። እኔ አባባ ጥላሁን ፊት የምናገረው እንዳይጠፋኝ ትላንት የሰማሁትን በንጹሕ ገጽ ልገለብጠው ጀመርኩ። በደንብ ነው የምገለብጠው፤ ማን ምን እንዳለ በየመስመሩ። አያትየው፣ ማነህ። ፈረንጁ፣ ሮበርት። አያትየው፣ የማን። ፈረንጁ፣ ኩፐር። አያትየው፣ ወንድምህ ጆን።

እስክሪብቶዬ ቆመ። ወንድም የሚለውን ቃል ያመጡት አያትየው ናቸው።

"እማማ ዘሃራ" አልኩ። "ወንድሙ መሆኑን ማን ነገራቸው?"

"ለማን?"

"ለአያትዎ አያት። ጆን ነው? 'ሮበርት የሚባል ወንድም አለኝ' ብሎ ነበር?"

"ኧረ እሱ የወንድም ወሬ አላነሳም።"

"አስተርጓሚው ነው?"

"ምኑን አውቆ! ስሙ ነዋ ልጄ። ይሄም የኩፐር፣ ያም የኩፐር። ይሄ ይጠየቃል?"

ተነስቼ ቆምኩ። ተቀመጥኩ። እንደገና ተነሳሁ። ጋሽ ተስፋዬ ስለ በርሜል ሠሪዎቹ የነገሩኝን፣ በየመንደሩ ስለነበሩት፣ ስሙ ከሰውየው አባት ሳይሆን ከድሮ ሥራ መምጣቱን፣ ሁሉን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። እቴቴ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ ተነስታ ከኋላዬ ትሰማለች።

"እንግዲህ ሰውየው" አሉ እማማ ዘሃራ፣ "እውነቱን ነበራ?"

"እውነቱን ይመስለኛል። የማያውቀውን ሰው አላውቀውም ነው ያለው።"

"እኛም ወተት ከለከልነው።"

"አዎ።"

"ያ አላህ!" መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ከዚያ ሁሉ አሸዋ ወጥቶ የመጣ እንግዳ! አያቶቼ ይህን ሳያውቁ ሞቱ።" ከዚያ ወደ ስልኬ ጠቆሙ። "በይ ያንን ነገር አብሪው። ለጥላሁን የምለው አለኝ።"

ሽቅብ ስንወጣ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ትላንት የፈራሁት የተቆረጠ ነገር ነበር። አሁን ተስፋ ስላለ የባሰ ያስፈራል። ባያምኑኝስ? መኪናው በእያንዳንዱ ጥምዝ ሲያቃስት እኔ የምናገረውን እለማመዳለሁ፤ ጉሙ ሲመለስ፣ ብርዱ ሲመለስ፣ የተለማመድኩት ሁሉ ከራሴ ወጥቶ ሄደ።

አንኮበር ስንደርስ አባባ ጥላሁን ቤታቸው እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው እማማ ዓለሚቱ ግንባራችንን ሳሙን፣ ጫማችንን አስወልቀው እግራችንን ወደ እሳቱ አስጠጉን፤ ትኩስ የተልባ ውሃ አቀረቡልን። እኔ ኩባያውን ያዝኩት እንጂ መጠጣት አልቻልኩም።

"ተናገሪ" አለች እቴቴ።

ስልኩን ከፈትኩ። የእማማ ዘሃራ ድምፅ ቤቱን ሞላው። "ጥላሁን! እኔ ዘሃራ ነኝ። ትሰማለህ ወይስ ደንቁረሃል? ..."

"ይቺ ሴት አልተለወጠችም!" አሉ አባባ ጥላሁን፤ ፊታቸው ለአፍታ ልጅ መሰለ። ግን 'ወንድሙ ነው ያልነው እኛ ነን፤ ሰውየው አላለም' የሚለው ላይ ሲደርስ ግንባራቸው ተቋጠረ። ሲያልቅ እንደገና አስከፈቱኝ። ሁለት ጊዜ ሰሙት።

"አልገባኝም" አሉ። "ስም ካለ ሰው አለ። ኩፐር የሚባል አባት ከሌለ ልጆቹ ከየት መጡ?"

"አባት አላቸው፣ ስሙን ግን አናውቀውም። ኩፐር የሚለው የ... የሥራ... ድሮ በርሜል..." ቃላት እየተጋፉ ይመጡልኛል ብዬ አልነበር? አንድም አልመጣ። እንባዬ መጣ። "አባባ፣ በእርስዎ አገር በሥራው የሚጠራ ቤት የለም?"

"የለም።"

"እንዴት የለም?" አሉ እማማ ዓለሚቱ ከምድጃው ማዶ። "እነ ጠጅ ጣይስ?"

"እነሱማ ሌላ ናቸው።"

"ምኑ ነው ሌላ? አያቶቻቸው በንጉሡ ግቢ ጠጅ ይጥሉ ነበር፣ ይኸው እስከ ዛሬ እነ ጠጅ ጣይ እንላቸዋለን። አንዱ አሁን ሹፌር ነው፣ አንዷ ነርስ ናት። ጠጅ ቀምሰው አያውቁም።"

"ስንት ቤት ናቸው?" አልኩ።

"ሦስት" አሉ አባባ ጥላሁን እያመነቱ። "አንዱ ከመንዝ የመጣ፣ አንዱ ከቡልጋ፣ አንዱ ከዚሁ።"

"ይዛመዳሉ?"

"በምን ተዛምደው! የየአገሩ ሰው ናቸው።"

"ይጋባሉ?"

እማማ ዓለሚቱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። "ራስህ አይደለህ ባለፈው ዓመት ሽማግሌ ሆነህ ያጋባሃቸው!"

እንጨቱ ጠሽ ጠሽ ይላል። አባባ ጥላሁን በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይቆጥራሉ፣ ስድስት ላይ ይቆማሉ፣ ደግመው ይቆጥራሉ። እኔ የማየው ያንን ጣት ብቻ ነበር። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

"ሰውየው ሦስቴ ተጠይቆ ሦስቴ አላውቀውም ብሏል" አሉ በመጨረሻ። "ወተት ተከልክሎም ቃሉን አልለወጠ። ባለቤቱ የማያውቀውን ዝምድና እኔ ከየት አመጣዋለሁ? ... ደውዪላት።"

"ለማን?"

"ለእህትሽ ነዋ! እኔ እነግራታለሁ።"

ኔትወርክ የሚይዘው ደጅ አጥሩ ጥግ ነው። አባባ ጥላሁን በጉሙ ውስጥ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው እንደ ማይክራፎን ይዘው ጮኹ፤ "ልጄ ሠናይት! አያትሽ ነኝ! የዳዊት አያት፣ ያንቺም አያት! ተቆጥሯል፣ ንጹሕ ነው! አታልቅሺ፣ ተቆጥሯል አልኩ እኮ!" እቴቴ እልል አለች፤ እማማ ዓለሚቱ ከቤት ሆነው ተቀበሏት። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት። "አንቺን ትላለች።"

ከገደሉም ከፍተሻውም ይልቅ ያን ጊዜ ፈራሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ሠናይት ለቅሶዋን ስትውጥ፣ አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማኛል። አሥራ ሰባት ቀን፣ ከዚህ ጉዞ ጋር ሃያ፣ ድምፅዋን አልሰማሁም ነበር።

"ቤዛ" አለች።

"አቤት።"

"ቢጫውን ሹራቤን ለብሰሽ ነው የሄድሽው አይደል?"

ራሴን ቁልቁል አየሁ። "አዎ።"

"አውቄ ነበር! በመስኮት አይቼሻለሁ! አጥበሽ ነው የምትመልሺው፣ ሰማሽ?"

"ሰማሁ" አልኩ፤ እዚያው ጉሙ ውስጥ፣ የሷን ሹራብ እጅጌ ነክሼ አለቀስኩ።